ጥቁር ፍሬም ውስጥ የተቀመጠችው ሴት

በመካነ ሰላም ጥቁር ፍሬም የሚያሠራ ሰው ዋጋ አይከራከርም። ፎቶውን ከመሐረብ ፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያኖረዋል፤ እኔም ምንም ሳልጠይቅ እቀበለዋለሁ። ለምረቃ ፎቶ ወርቃማ ጠርዝ አለ፣ ለሠርግ ነጭ አለ፣ ለካዕባና ለእመቤታችን ሥዕል እንደ ደንበኛው ፍላጎት አረንጓዴም ቡናማም ይሆናል። ጥቁሩ ግን የሟች ነው። ይህን ሕግ የጻፈው ሰው የለም፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ፍሬም ቤቴን ስከፍት እንዲሁ ጸድቆ ነው ያገኘሁት። ጥቁር ፍሬም ታቅፎ የሚያልፍ ሰው ካየን ከመንገድ ዞር ብለን እናሳልፈዋለን፣ «ነፍስ ይማር» እንላለን፣ ቀጥለን የማን እንደሆነ እንጠይቃለን።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ የዚያን ቀን የተሳሳትሁት። ደግሞም የተሳሳትሁት ከኩራት ነው። እናቴ ስለ እኔ ስትናገር «እጁ ወርቅ ነው፣ አፉ ግን እሳት» ትላለች፤ ስለ ኩራቴ የምትለውን እዚህ አልጽፈውም።

እህቴ ከኩዌት የተመለሰችው ባለፈው ጥር ነው፤ ከስምንት ዓመት በኋላ። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። የቤታችን ቆርቆሮም፣ የሱቄ መጋዝም የእሷ ላብ ነው፤ ይህን ስናገር ዛሬም ትንሽ አንገቴን ያስደፋኛል። ሌሎች ተመላሾች ትልልቅ ቴሌቪዥን ይዘው ሲመጡ እሷ ለእናታችን ሁለት ብርድ ልብስ፣ ለእኔ አንድ ጫማ፣ ለራሷ ደግሞ የውሃ ቧንቧ የመሰለ አንድ የፕላስቲክ ጥቅል ይዛ መጣች። ጥቅሉ ውስጥ ምን እንዳለ አልተናገረችም። ሻንጣዋንም ቁም ሣጥን ላይ አልሰቀለችውም፤ የአውሮፕላኑ ወረቀት እንደታሰረበት በር ሥር አቆመችው።

የመጣች ዕለት ደስታችን ልክ አልነበረውም። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ነገር አስተዋልን፤ እህቴ አትቀመጥም። ወንበር ስንሰጣት «እሺ» ትልና ጫፉ ላይ ለአፍታ አረፍ ብላ ትነሣለች። ምግብ የምትበላው በር ላይ ቆማ፣ ሳህኑን በእጇ ይዛ ነው። እኔ ውሃ ጠጥቼ ብርጭቆውን ሳስቀምጥ ከኋላዬ ደርሳ ታነሣዋለች። አንድ ጊዜ ገና ግማሹን ሳልጠጣ አጠበችው፤ ጮህሁባት፣ ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ በይቅርታዋ ደግሞ የባሰ ተናደድሁ።

ሌላው ጉድ «አብሽሪ» የሚለው ቃል ነው። በእኛ በወሎ «አብሽሪ» ማለት አይዞሽ፣ በርቺ ማለት ነው። የታመመን ስንጠይቅ፣ ያዘነን ስናጽናና፣ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚለው እሱኑ ነው። ኩዌት ግን ሠራተኛ ሲታዘዝ የሚመልሰው ነው አሉ፤ «እሺ፣ አሁኑኑ» እንደማለት። እናቴ ከጓዳ «ነይ እስቲ ይችን ያዢልኝ» ስትላት እህቴ ከውጭ «አብሽሪ!» ብላ እየሮጠች ትመጣለች።

እናቴ በመጀመሪያው ሳምንት ግራ ገብቷት ነበር። «ምን ደረሰብኝና ነው የምታጽናናኝ? የሰማችው ነገር አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የለም እማዬ፣ የአረብ አገር ‹እሺ› ነው።»

«‹እሺ› ሲባልማ ሰው አይሮጥም» አለች።

የእናቴ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። በየሁለት ቀኑ ደሴ ካለ ኤጀንሲ አንድ ሰውዬ ይደውላል። እህቴ ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ትሄዳለች፤ ሰውዬው ደግሞ ተፈጥሮው ጮክ ብሎ መናገር ስለሆነ እስከ ምድጃው ድረስ ይሰማል። «ወረቀትሽ አልቋል። ከፋሲካ በኋላ ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጂም?» ይላል። እሷ «እነግርሃለሁ» ትላለች። እናቴ ይህን በሰማች ቁጥር ሄዳ የሻንጣውን እጀታ ይዛ ታነሣና ክብደቱን አይታ ትመልሰዋለች። «አንተ ጠይቃት» ትለኛለች። «አንቺ እናቷ ነሽ፣ አንቺ ጠይቂያት» እላታለሁ። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ይባላል፤ እኛም ሁለታችን መረዳት የማንፈልገውን ነገር ላለመስማት ጥያቄውን ስንወራወረው ከረምን።

አንድ የገበያ ዕለት እህቴ ያን ጥቅል ይዛ ሱቄ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ማዕዘኖቹን በመዶሻዬና በሙጫ ጣሳዬ ደገፈችው። ነጭ ቀሚስ የለበሰች፣ የገለባ ኮፍያ ያደረገች ሴት አትክልት ቦታ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ብዙም አይለይም። ቀሚሷ ላይ ቢጫም፣ ሰማያዊም፣ ሐምራዊም ነጠብጣብ ተረጭቷል። ከኋላዋ ያለው ዛፍ ዛፍ ይሁን ጭስ መለየት ያስቸግራል።

«ይህ ፎቶ ተንቀሳቅሷል፤ ማሽኑም ቀለም ጨርሶበታል» አልኋት።

«ፎቶ አይደለም፣ የሥዕል ቅጂ ነው። አፍንጫህን ደቅነህበት ምን ታያለህ? ራቅ በል።»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድሁ። «ጨምር» አለች። ሁለት ሄድሁ። «ጨምር።» እንዲህ እያለችኝ ከሱቁ ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ደረስሁ፤ አንድ ባጃጅ ጡሩንባውን ነፍቶ፣ ነጂውም የአባቴን ስም አንሥቶ አለፈ። ዞር ስል ግን ሴትዮዋ ተቀምጣ አየኋት። ነጠብጣቡ ነጠብጣብ መሆኑ ቀርቶ በቅጠል መሃል ሾልኮ ቀሚሷ ላይ የወረደ የረፋድ ፀሐይ ሆነ። ነፋስ ቢነፍስ ብርሃኑ ቦታ የሚቀይር ይመስል ነበር። አሥራ አንድ ዓመት መስታወት ስቆርጥ እንዲህ ያለ ነገር እጄ ገብቶ አያውቅም። ኋላ በስልኬ ሳነብ የፈረንሳይ ሠዓሊዎች ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ገደማ የጀመሩት አሣሣል ነው፤ ኢምፕሬሽኒስት ይሏቸዋል። በዘመናቸው የአገራቸው ሰው እንደ እኔው «አልተጨረሰም» ብሎ ስቆባቸው ነበር አሉ፤ ይህን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ።

«ከየት አመጣሻት?»

«ማዳሜ ሳሎኗን ስትቀይር ሥዕሎቹን አወረደቻቸው። ሌሎቹን እህቷ ወሰደች። የዚችኛዋ መስታወት ተሰንጥቆ ስለነበር ጣሉት አለች። ወረቀቱን አውጥቼ ልውሰደው ብዬ ጠየቅኋት።»

«ሴትዮዋ ማን ናት?»

«አላውቃትም።»

«ከስምንት ዓመት በኋላ የማታውቂያትን ሴት ነው ተሸክመሽ የመጣሽ?»

«ትሠራልኛለህ አትሠራልኝም?» አለች። ከዚያ በኋላ የመጣው ጭቅጭቅ በጠርዙ ነው። እኔ ወርቃማ አልሁ፣ ነጭ አልሁ፣ የዋንዛ እንጨቱን መልክ እንዳለ በቫርኒሽ ልተወው አልሁ። እሷ ግን እዚያ ቤት ስትሰቀል ቀጭን ጥቁር ጠርዝ ነበራት፤ ጥቁር ካልሆነ እሷን አትመስለኝም አለች። «በእኛ አገር ጥቁር የምን እንደሆነ ረሳሽው?» ብላት፣ «የት እንደተወለድሁ አልረሳሁም። ጥቁር» አለች።

እልሄን የተወጣሁት በሥራው ነው። ደረቅ ዋንዛ መርጬ፣ አራቱን ማዕዘን ፀጉር እንኳ እንዳያስገባ አድርጌ ገጥሜ፣ ሁለት ጊዜ ጥቁር ቀብቼ፣ ከደሴ ሳይሰበር የደረሰ አንድ ንጹሕ መስታወት ነበረኝና እሱን ቆረጥሁላት። ሲያልቅ አፈግፍጌ አየሁት። ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥ ነበር። መጠቅለያ ጋዜጣ በሱቁ ሞልቶ ነበር፤ አልጠቀለልሁትም። ሰው ይየው ብዬ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሬ፣ ታቅፌው፣ በገበያው መሃል ወደ ቤት ሄድሁ።

የሰዉ አክብሮት የሚገርም ነበር። በግ የሚሸጡት ሰዎች በጎቻቸውን ገፍተው መንገድ ለቀቁልኝ። ባለ ሥጋ ቤቱ ቆቡን አወለቀ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቀዘቀች። እኔ ሞኙ ፍሬሜን አድንቀው መስሎኝ ለሁሉም አንገቴን ዝቅ እያደረግሁ እጅ ነሣሁ። መስጊዱ አጠገብ ስደርስ የቅሬያችን ለፋፊ አገኘኝ። ቅሬ ለማያውቅ፣ ሰፈሩ ተሰባስቦ ሟቹን የሚቀብርበት፣ ያዘነውን የሚያስተዛዝንበት ማኅበር ነው፤ በእኛ ሰፈር እስላምና ክርስቲያኑ አንድ ላይ ነን። ለፋፊው ደግሞ ሰው ሲሞት ጡሩንባ ነፍቶ ሰፈሩን የሚጠራው ሰው ነው።

ፍሬሙን አይቶ ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የማን ናት?» አለኝ።

«የእህቴ ናት» አልሁት። ንብረትነቱን መናገሬ ነበር።

«ከዚያው ከአረብ አገር?»

«አዎ፣ ከኩዌት ናት።»

«በድንገት ነው?»

ከጥቅሉ ውስጥ ስትወጣ መገረሜ ትዝ አለኝና፣ «በጣም በድንገት፤ እኛም ዛሬ ነው ያወቅነው» አልሁ።

«ኢናሊላሂ» አለና ደረቱን ይዞ ሄደ። አድናቆቱ ትንሽ የበዛ መሰለኝ፤ ቢሆንም ደስ አለኝ።

ቤት ስደርስ እህቴ ከእመቤታችን ሥዕል ፈንጠር አድርጋ፣ በመስኮቱ ትይዩ ቦታ መርጣ ነበር። ሰቀልሁላት። እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ ቆመች።

«ማን ናት?»

«አላውቃትም እማዬ» አለች እህቴ።

«የማናውቃት ሴት ግድግዳችን ላይ ምን ትሠራለች?»

«ምንም አትሠራም» አለች እህቴ። እንዲህ ስትል ፈገግ አለች፤ ከመጣች ጀምሮ እንዲያ ፈገግ ስትል አላየኋትም ነበር።

እናቴ ቀርባ ጣቷን ወደ መስታወቱ አስጠጋች። «ፊቷን ማን አበሰው? ደግሞ ቀሚሷን ምን ረጨባት?» አለች። ራቅ በይ ብላት «ከዚህ ወዲያ ምድጃ ውስጥ ልግባ?» ብላ ተቆጣችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በማግሥቱ ጧት፣ ፀሐይ ገና መስኮቱ ላይ ሳትደርስ፣ ግቢያችን በሰው ሞላ። ወንዶቹ ጋቢ ለብሰው ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው ከኋላ፣ ሁለቱ ደግሞ ንፍሮ በቅርጫት ተሸክመው። ከሁሉ ፊት የቅሬው ዳኛ አሉ፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ነጭ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ሽማግሌ ናቸው። እናቴ በር ላይ ደርቃ ቀረች።

«አሏህ ያጽናችሁ። አብሽሩ» አሉ። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ ሥዕሉን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገና ወጣት ናት፣ አይ! አሠሪሽ ናት አሉ ልጄ። የሰው አገር ሰው ብትሆንም እንጀራ ያበላ ሰው ወገን ነው። ቀብሯ ላይ ባንደርስ ለቅሶዋን እንድረስ ብለን መጣን።»

እናቴ ክንዴን ጨብጣ በሹክሹክታ፣ «ማን ሞተብን?» አለችኝ።

«ሥዕሏ» አልኋት።

አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው ያኔውኑ «ስሕተት ነው» ማለት ነበረብኝ። ግን ቅሬ አንዴ ከገባ፣ ጅባው ከተነጠፈ፣ ሴቶቹም ማልቀስ ከጀመሩ በኋላ «ሟች የለንም» ብሎ ማስወጣት እንዴት ይቻላል? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አስመጣኋችሁ ብዬ ልናገር? ደግሞ ለፋፊው በር ላይ ቆሞ «ወንድሟ ራሱ ነግሮኛል» እያለ ላልሰማው ሁሉ ያሰማ ነበር። ዝም አልሁ። አፉ እሳት የተባለው ሰው የዚያን ጧት አመድ ሆነ።

ሴቶቹ ፍራሽ አውጥተው ከሥዕሉ ሥር አነጠፉና እህቴን ይዘው አስቀመጧት። የሐዘንተኛ ቦታ መሆኑ ነው። እሷ ግን ሰው በቆመበት መቀመጥ የት ለምዳ፤ ወዲያው ተነሥታ ወንበር ልታመጣ ሄደች። መልሰው አስቀመጧት። ሽማግሌው ከፊቷ ቁጭ ብለው በርኅራኄ፣ «አብሽሪ ልጄ» አሏት።

እህቴ ብድግ አለች። «አቤት፣ ምን ላምጣ?»

ሽማግሌው ሌሎቹን ዞረው አዩ። «ምንም አታምጪ። ተቀመጪ» አሉ። ተቀመጠች። ሐዘኑ ናላዋን አዙሮታል ብለው ሳያስቡ አልቀሩም፤ ድምፃቸውን ይበልጥ አለስልሰው፣ «አብሽሪ እንጂ፣ አብሽሪ» አሉ።

ሁለት ጊዜ ስለተባለች ይመስለኛል፣ የዚያን ጊዜ ተነሥታ በር ድረስ ሄደች።

እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። በለቅሶ ቤት፣ በሽማግሌ ፊት ሳቅሁ። እናቴ ጎኔን ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ ሳምንት ቆየ። እህቴ ሁላችንንም አየችን፤ ከዚያ ወደ ፍራሹ ተመልሳ፣ ቆማ እንዳለች፣ ተናገረች።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ማዳሜ አልሞተችም፤ ደህና ናት። ይችን ሴት አላውቃትም። ሥዕል ናት።»

የለፋፊውን ፊት ለማየት አልደፈርሁም።

«ታዲያ ምንሽ ናት?» አሉ ሽማግሌው።

«ምኔ እንደሆነች እንጃ። ሳሎኑን በየቀኑ እወለውል ነበር። የእሷንም መስታወት በየቀኑ እጠርጋለሁ፤ ስምንት ዓመት። በዚያ ቤት አሥራ ሁለት ወንበር ነበር፤ አንዱም ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ደወል አለ፣ ሲደወል ‹አብሽሪ› ብዬ እሮጣለሁ። እሷ ግን እንዲህ ናት። እጇን እዩት፣ ባዶ ነው። የሚጠራት የለም፣ ብትጠራም የምትነሣ አትመስልም። ወገቤን ሲያመኝ እሷን አይና፣ ‹አንቺ ተቀመጪልኝ፣ እኔም አንድ ቀን እደርሳለሁ› እላት ነበር። ሲጥሏት እኔን የጣሉኝ መሰለኝ። ይኸው ነው።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ስምንት ዓመት ሙሉ በስልክ «ደህና ነኝ፣ ሥራው ቀላል ነው» ስትለን ነው የኖረችው፤ እኛም እንዲያ እንድትለን ስለምንፈልግ አምነን ነበር። ያን ጊዜ መጋዜን አውጥቼ ገበያ ላይ ብጥለው ደስ ባለኝ። ከሴቶቹ መሃል ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርታ የመጣች ጎረቤታችን ነበረች፤ ቀድማ የተናገረችው እሷ ናት።

«እኔ ደግሞ የምቀናው በድመቷ ነበር» አለች። «ወላሂ! ሶፋው ላይ ተጋድማ ታየኛለች። አንድ ቀን ማንም ሳይኖር ከጎኗ ተጋደምሁና ተቆጥታ ቧጨረችኝ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ሳቃቸው እንባ እስኪያወጣቸው ሳቁ፤ ከእንባው ስንቱ የሳቅ እንደሆነ ግን እንጃ። ጢማቸውን ጠርገው ሲያበቁ፣ «እንግዲያስ አልተሳሳትንም» አሉ። «ስምንት ዓመት ሳይቀመጥ የኖረ ሰው ያለበት ቤት ለቅሶ ሊደረስ ይገባዋል። ዘግይተን እንደሆነ እንጂ። አንቺ፣ ተቀመጪ። ቅሬ የገባበት ቤት ሐዘንተኛ አይቆምም፣ ሕግ ነው። ውሃ የሚቀዳ እኛ፣ ሰው የሚቀበል እኛ። ሦስት ቀን ትቀመጫለሽ።»

«ሦስት ቀን?» አለች እህቴ፣ ደንግጣ።

«በእኛ አገር አብሽሪ ማለት እኛ አለንልሽ፣ አንቺ አትነሽ ማለት ነው። ረስተሽው እንደሆነ እናስታውስሻለን።»

ተቀመጠች። መጀመሪያ ጫፉ ላይ ነበረች፤ የጅዳዋ ጎረቤታችን ትከሻዋን ይዛ ወደ ኋላ ገፋቻትና ጀርባዋ ከግድግዳው ተገናኘ። ንፍሮ በሳህን ሰጧት። ብርጭቆዋን ባዶ ስታደርግ ልትነሣ ስትል ከሦስት አቅጣጫ እጅ ተዘርግቶ ወሰደባት። እጇን የምታደርግበት ጠፍቷት ቆየችና በመጨረሻ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። የመስኮቱ ፀሐይ በጓሮው ባሕር ዛፍ ቅጠል መሃል ገብቶ ቀሚሷ ላይ ወርዶ ነበር። ይህን እኔ ብቻ ያየሁ መስሎኝ ዞር ስል እናቴ በቀስታ፣ አንድ አንድ እርምጃ፣ ወደ ኋላዋ እያፈገፈገች ነበር፤ ምድጃው አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

«አሁን ታየችኝ» አለች። ሥዕሉን ይሁን ልጇን አልጠየቅኋትም።

ስልኩ የጮኸው ይህን ጊዜ ነው። መስኮቱ ላይ ነበር። ያ የደሴው ሰውዬ እንደሆነ እኔም አወቅሁ፣ እናቴም አወቀች። የእህቴ ጉልበት ንቅንቅ አለ፤ የእናቴ ዐይን ደግሞ በር ሥር ወደቆመው ሻንጣ ሄደ። ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ። ጠይቀን የማናውቀው ጥያቄ በሰው ሁሉ ፊት ሊመለስ ነው።

«ይጩህ» አለች እህቴ። «እማዬ፣ እባክሽ ዝጊልኝ።»

እናቴ ስልክ መዝጋት አታውቅም። ከነጩኸቱ አንሥታ ትራስ ሥር ከተተችው፤ እላዩም ላይ ተቀመጠችበት።

እህቴ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ፣ ቅሬ ለመግባት ምን ይጠየቃል?»

የእናቴም የእኔም ስም ቅሬው ዘንድ አለ። የእሷ ግን አልነበረም፤ ስሟ በተነሣ ቁጥር «ውጭ ያለች ናት» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን በእጃቸው ሰበሰቡ።

«ሌላው ቀላል ነው» አሉ። «ዋናው እዚሁ ለመሞት መቁረጥ ነው።»

«ቆርጫለሁ» አለች።

እናቴ ከትራሱ ላይ ተነሥታ እልል አለች። ልጄ በአገሯ ልትቀበር ነው ብላ እልል ያለች እናት ከእሷ በፊት የነበረች አይመስለኝም። ሴቶቹም ያዘቀዘቁትን ነጠላ እንደያዙ ተቀበሏት፤ በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ወደ ግቢያችን ያዩ ጀመር፤ ለፋፊውም «ሠርግ ነው!» ብሎ ሊነግራቸው ሲወጣ ጋቢውን ይዤ አስቀረሁት።

«ያ ረቢ! በለቅሶ ቤት እልልታ!» አሉ ሽማግሌው፣ ሊነሡ ምርኩዛቸውን እየፈለጉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እህቴን በእጃቸው ራሷን ነኳትና፣ «በይ ልጄ፣ አብሽሪ» አሏት።

ሁላችንም እግሯን አየን። አልተነሣችም።